ብትነሳም ባትነሳም

ኃይለ መለኮት ፈሪ ሰው ነበር። ራሱም አይደብቀውም፤ ሚስቱ አጸደም ሰው ፊት ትናገረዋለች። ቀጨኔ ውስጥ ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ጎርናና ሰው ይጠብቃል። ሲያገኘው ትከሻው የጠበበ፣ ሲናገር እጁን ወደ አፉ የሚያስጠጋ፣ በሩ ሲንኳኳ መጀመሪያ በመስኮት አጮልቆ የሚያይ የሃምሳ ዓመት ሾፌር ነው።

ፍርሃቱ አብሮት የተወለደ አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. የአንድ መሥሪያ ቤት የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። አንድ ማለዳ ሁለት የታጠቁ ሰዎች መጥተው «መኪናውን አስነሳና ተከተለን» አሉት። ተከተላቸው። የት እንደወሰዱት፣ ምን እንዳስጫኑት ለማንም አልተናገረም። አጸደ የምታውቀው ከሰዓት በኋላ ቤት ሲገባ ሸሚዙን አውልቆ ጓሮ እንዳቃጠለው ነው። ከዓመታት በኋላ ምሳ እየበሉ ሳለ ድንገት «አንደኛው ልጅ ጫማው አዲስ ነበር» አላት። ከዚያ በላይ አልጨመረም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

ያንን ሥራ ወገቤን አመመኝ ብሎ ለቀቀ። ጥሪቱን አራግፎ አንዲት ያረጀች ፔጆ ገዛ፤ ከኋላ ክፍት የሆነች፣ በሁለቱ ጎን የእንጨት አግዳሚ ያላት፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጥጦ ስለሚቀመጥ ሕዝቡ «ውይይት» ብሎ የሚጠራት ዓይነት። ብዙዎቹ በቤንዚን ሲሄዱ የእሱ ናፍጣ ጠጪ ነበረች። በእሷ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችን ከነጥቅላቸው መርካቶ ያደርስ ነበር። ሸማኔዎቹ ይወዱታል፤ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ከማንም ጋር አይጣላም፣ ፖለቲካ ከተነሳ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል።

በ1983 ዓ.ም. መስከረም ላይ ናፍጣ ጠፋ። ሰሜን ውስጥ ያለው ጦርነት ያለውን ሁሉ ይውጣል። ለግል መኪና በኩፖን የሚሰጠው ለሁለት ቀን ሥራ እንኳ አይበቃም፤ ለዚያውም ሰልፉ ከማደያው ተነስቶ ሁለት መንገድ ይዞራል። በጥቁር ገበያ የሚሸጡ ነበሩ፤ ተይዘው የጠፉም ነበሩ። ኃይለ መለኮት ወደዚያ ሰፈር በእግሩም አያልፍም። ፔጆዋን ግቢ አቁሞ በየጠዋቱ አቧራዋን ይጠርጋል። አጸደ ስታየው ትተክናለች።

«ጠርገህ ጠርገህ ቀለሟን ልትጨርሰው ነው» ትለዋለች።

አንድ ቀን የአጸደን መድኃኒት ሊገዛ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ወዳለ ፋርማሲ ሄደ። ፋርማሲው ጎን ሀጂራ የምትባል ሴት ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ባሏ ሞቶ ሁለት ሴት ልጆች ታሳድጋለች። ተማሪው፣ አስታማሚው፣ ነርሱ ሁሉ የእሷ ደንበኛ ነው። ኃይለ መለኮት ሁለት ሳምቡሳ አዝዞ እንደቆመ፣ ሀጂራ ጥቁር የሆነ ዘይት ከመጥበሻው ወደ ጣሳ ገልብጣ ወደ ቦዩ ስትራመድ አያት።

«ልትደፊው ነው?» አላት።

«ታዲያ ምን ላድርገው ጋሼ? አምስት ቀን ጠበስኩበት። ከዚህ በላይ ብጠብስበት ሆስፒታሉ ሌላ ሕንፃ ያስፈልገዋል።»

ቆሞ አሰበ። ልጅ ሳለ ጣልያኖች ትተውት በሄዱት አንድ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ የነበረው ሽማግሌ ጣልያን መካኒክ፣ ናፍጣ ሞተር ሲፈጠር በለውዝ ዘይት ይሄድ ነበር፣ ዘይት ከሆነለት አይመርጥም እያለ ሲያወራ ሰምቷል። እውነት ይሁን ቀልድ አላወቀም ነበር።

«አትድፊው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ እወስደዋለሁ።»

«ለምን?»

«ለ... እ... ለማሽን ነው።»

ሀጂራ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ያን ጊዜ ሰው ብዙ አይጠያየቅም።

ዘይቱን ቤት ወስዶ ሦስት ቀን አስተኛው። የሽንኩርቱና የሊጡ ቃጠሎ ወደታች ሲዘቅጥ ላይ ላዩን ቀድቶ፣ ሸማኔዎቹ በሰጡት ድርብ ነጠላ ሁለቴ አጠለለው። ካለችው ናፍጣ ጋር ቀላቅሎ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ አሞቀው። ከዚያ ታንከሩ ውስጥ ጨመረና ቁልፉን አዞረ። ፔጆዋ ተንገራገጨች፣ እንደ ማሳል አለች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ተነሳች። አጸደ ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ አየሩን አሸተተች።

«የምን ጥብስ ነው?»

ኃይለ መለኮት ደስ ከማለቱ በፊት የግቢውን በር ሄዶ ዘጋ።

እንዲህ አድርጎ ስድስት ወር ነዳ። በየአምስት ቀኑ ጳውሎስ ጎራ ይላል፤ ሀጂራ ጄሪካኑን በጆንያ ጠቅልላ ትሰጠዋለች። ውሎ አድሮ ነገሩን ነገራት። ከቶ አላመነችም፤ ፔጆዋን በር ላይ አቁሞ ኮፈኑን ከፍቶ እስኪያሳያት ድረስ። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ሞተሩን ታያለች። መኪናዋ እዚያው በር ላይ አንድ ሁለት ጊዜ አልነሳ ብላው፣ የገባባትን አየር የናፍጣውን ማጣሪያ ብሎን ላላ አድርጎ ሲያስወጣ፣ ከዚያ መልሶ ሲያጠብቅ አጎንብሳ ተመልክታለች።

ፍርሃቱ ግን አንድ ቀን አልለቀቀውም። ዳገት ሲወጣ ከኋላው የሚቀረው ሽታ ያስጨንቀዋል። ተሳፋሪው «ራበን እኮ፣ ኃይሌ፣ ምን ጭነህ ነው?» ብሎ ሲስቅ እሱን ላብ ያጠምቀዋል። የለበሰው ካኪ፣ ፀጉሩ፣ ትራሱ ሳይቀር ሳምቡሳ ሳምቡሳ ይላል። ማታ ማታ አጸደን «ነገ አቆማለሁ» ይላታል። ነገ ሸማኔዎቹ ጥቅላቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል፤ ቁልፉን ያነሳል።

መጋቢት መጣ። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኙ። ክርስቲያኑ ለጾም ወጥ ዘይት ይፈልጋል፤ ሀጂራ ለፍጡር፣ ለማታው ጾም መፍቻ፣ በሌላ ጊዜ ከምትጠብሰው እጥፍ ትጠብሳለች። የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ግን ዘይት ካመጣ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። አንድ ሐሙስ ዘይት ይመጣል ተብሎ ሴቶች ከነጠርሙሳቸው ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፈው ዋሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሱቁ ሠራተኛ ወጥቶ፣ አልመጣም፣ ሂዱ አለ። ልክ በዚያ ሰዓት የኃይለ መለኮት ፔጆ ዳገቱን እያቃሰተች በሰልፉ ጎን አለፈች። ሽታው እንደ ጉም ሰልፉ ላይ ተዘረጋ።

አንዲት ሴት «እኛን የለም ይሉናል፤ ዘይቱን መኪና ያጠጡታል» አለች። ጮክ ብላ አልነበረም። ነገር ግን የቀበሌው ጥበቃዎች ሱቁ በር ላይ ነበሩ።

ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ሳይደርስ አስቆሙት። ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ጠመንጃውን በጀርባው አንግቷል፣ አንደኛው በእጁ ይዟል። በእጁ የያዘው የታንከሩን ክዳን ከፍቶ አሸተተ፤ ጓደኛውን ጠርቶ እሱም እንዲያሸት አደረገ።

«ቀበሌ ንዳት» አለው።

ኃይለ መለኮት እግሩ ፍሬኑን ሊያገኘው አልቻለም። ያ የ1970ው ማለዳ መጣበት፤ አስነሳና ተከተለን። ከአጠገቡ ጥበቃው ተቀምጦ አፈሙዙ ጉልበቱን እየነካው ነው። መንገዱን እንዴት እንደነዳ ኋላ ላይ ማስታወስ አልቻለም።

የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ቶለሳ ይባላል። ከአብዮቱ በፊት በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ይሠራ የነበረ፣ ሳል የማይለቀው፣ ሲናገር የማይጮኽ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ነጭ ወረቀት አስተካክሎ ዘረጋ።

«ዘይቱን ከየት ታመጣለህ?»

ክፍሉ ጥግ ላይ አንድ ዱላ ቆሟል፤ ምናልባት የመጥረጊያ እጀታ ነው። ቶለሳ ዱላውን አላየውም፣ አልጠቆመውም፤ እስክሪብቶውን ብቻ ወረቀቱ ላይ መታ መታ አደረገ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ እግሩን ቀየረ።

«ከሀጂራ ነው» አለ ኃይለ መለኮት። «ጳውሎስ ጋ ሳምቡሳ የምትጠብሰው።»

የተጠየቀው አንዴ ብቻ ነበር። ለመናገር አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም።

አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ሀጂራን አመጧት። የተያዘበት ክፍል ግድግዳው ጣውላ ስለሆነ ሁሉ ይሰማል። ፍጡር ሲደርስ ውሃ ስትጠይቅ ሰማ። ከዚያ ስትሰግድ፤ የጉልበቷ ድምፅ ወለሉ ላይ ሲያርፍ፤ ከዚያ ደግሞ ስለ ልጆቿ ጥበቃውን ስትለምነው፣ ጎረቤቴ ጀዊሪያ ወስዳ ታሳድራቸው በሏት ስትል ሰማ። ኃይለ መለኮት ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከተተ። እስኪነጋ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገና አልነኩኝም እኮ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግቢ አወጧቸው። ማታውን ዘንቦ ስለነበር ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ያንዘፈዝፋል። ፔጆዋ መሀል ቆማለች፤ በእሷ ውስጥ የነበረውን ቀድተው ዘይት ብቻ ያለበትን የሀጂራን ጄሪካን አጠገቧ አስቀምጠዋል። ከአጥሩ ውጭ ዛሬም ሰልፍ አለ፤ ሴቶቹ በቆርቆሮው ስንጥቅ ያያሉ። ሀጂራ ሻርፗን አጥብቃ ከጥበቃው ጎን ቆማለች። ኃይለ መለኮትን አየችው፤ እሱ መሬት መሬት አየ።

ቶለሳ ወረቀቱን በካርቶን ላይ ይዞ ቀረበ።

«አንተ በዘይት ነው የምትሄደው ብለሃል። እናያለን። ካልተነሳች ዋሽተሃል ማለት ነው፤ ከጥቁር ገበያ ናፍጣ ትገዛለህ፣ ሽታውን ለመሸፈኛ ታደርገዋለህ። ከተነሳች ደግሞ ሕዝቡ የሚበላው አጥቶ እናንተ ዘይቱን ታቃጥላላችሁ። የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ሸጪውም ገዢውም ይጠየቃል። ገባህ?»

«ገብቶኛል ጓድ ቶለሳ።»

ገብቶት ነበር። ብትነሳም ባትነሳም መውጫ የለውም። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ብትነሳ ሀጂራም አብራው ትወድቃለች፣ ባትነሳ እሱ ብቻውን።

«ትንሽ እሳት ያስፈልገኛል» አለ። «ዘይቱ ሲበርደው እንደ ማር ይወፍራል።»

ጥበቃዎቹ የሚሞቁበትን ከሰል አቀረቡለት። ዘይቱን በጣሳ ላዩ ላይ አሞቀ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ከጣሳው ጥቂት ከሰሉ ላይ ሲፈስ ቱፍ ብሎ ነደደ፤ ሁሉም ወደኋላ አሉ። ታንከሩ ውስጥ ጨመረ። ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ ላይ አጎንብሶ፣ ሰውነቱ ከለላ እንዲሆን አድርጎ፣ ያቺን የማጣሪያ ብሎን ግማሽ ዙር አላላት። እንዲያ ሆና በፍጹም አትነሳም፤ ዘይት ሲሳብ አየር እየገባ ይቋረጣል። በሕይወቱ ሙሉ እንደዚያን ቀን ጠዋት የፈራበት ጊዜ አልነበረም፤ ጣቶቹ ግን ብሎኗን ሲያላሉ አልተንቀጠቀጡም። ይህን ሲያስበው ቆይቶም ይገርመው ነበር።

ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ፔጆዋ ተንገራገጨች፤ ዝም አለች። ደገመ። ዝም።

ቶለሳ አንድ መስመር ጻፈ። «ሦስተኛና የመጨረሻ» አለ።

ያን ጊዜ ሀጂራ ተናገረች።

«ጋሼ፣ አየር ይዛ ይሆናል። ያቺን ብሎን አይተሃታል?»

ኃይለ መለኮት ቀና ብሎ አያት። ዓይኑን አፈጠጠባት፤ ራሱን በጥቂቱ ነቀነቀ። እሷ የደነገጠ መሰላት።

«አይዞህ» አለችው። «የማጣሪያዋን ብሎን ማለቴ ነው። እኔ በር ላይ እንዳደረግከው።»

ቶለሳ ወደ እሷ ዞረ። «ምን ታውቂያለሽ አንቺ?»

«ሲያደርገው አይቻለሁ ጓድ። ትነሳ እንጂ! ውሸታም መባል ምን ያደርግልናል?» ከጥበቃው ጎን ወጥታ መጥታ ኮፈኑ ላይ አጎነበሰች፤ በጣቷ ጠቆመች። «ይቺው፣ ላልታ የለም እንዴ? እዩ፣ ዘይቱ አረፋ ይዞ በእሷ ይወጣል።»

ከጥበቃዎቹ አንዱ ጠጋ ብሎ አየ። «እውነቷን ነው» አለ።

ኃይለ መለኮት ወረደ። ምንም ማድረግ አይችልም። ብሎኗን አጠበቀ፤ ተመልሶ ገባ፤ ቁልፉን አዞረ። ፔጆዋ ሦስት ጊዜ ሳለችና ተነሳች። ጭሱ ግቢውን ሞላው። ሽታው በአጥሩ ላይ አልፎ ሰልፉ ጋ ደረሰ።

«አጥፋት» አለ ቶለሳ።

አጠፋት። ከመኪናው ሳይወርድ እዚያው ተቀመጠ።

ሀጂራ አልፈራችም ማለት አይደለም፤ ከንፈሯ ደርቆ ነጭ ሆኖ ነበር። ግን ጎንበስ ብላ ጣሳውን አነሳች፤ ከሥሩ የቀረውን ዘይት፣ ከነአተላው፣ ወደ ቶለሳ ዘረጋችው።

«ጓድ ቶለሳ፣ እኔ የሰጠሁት ይህንን ነው። ይህን ለልጅዎ ወጥ ይሠሩበታል?»

ቶለሳ አየው። ጣቱን ነከረ፤ ምላሱ ላይ ነካ አደረገና ወዲያው ምራቁን ተፋ። ሳሉ ተነሳበት፤ ለረጅም ጊዜ ሳለ።

«ቦዩ ውስጥ ነበር የምደፋው» አለች ሀጂራ። «ይጠይቁ፣ ፋርማሲው አጠገብ ያለውን ሰው ሁሉ ይጠይቁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመስከረም» አለ ኃይለ መለኮት ከመኪናው ውስጥ።

የቶለሳ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ከመስከረም እስከ መጋቢት። ይህች መኪና በየቀኑ በቀበሌው በር አልፋለች። እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ ተሳፍሮባት መርካቶ ወርዷል። የቀበሌው የበላይ የሆነው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን ሲያይ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ስድስት ወር ሙሉ የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ የት ነበር? ፊቱ ሲለወጥ ኃይለ መለኮት አየ። ያንን ፊት ያውቀዋል፤ በየጠዋቱ በመስታወት የሚያየው ነው።

ቶለሳ ወረቀቱን ለአራት አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ታርጋዋን ፍቱ» አለ ለጥበቃዎቹ። «መኪናዋ እዚሁ ትቆያለች። እናንተ ሂዱ።» ኃይለ መለኮትና ሀጂራ ከቦታቸው ስላልተንቀሳቀሱ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ግቢ ውስጥ ምንም አልተደረገም። ከማንም አፍ ብሰማ...» አልጨረሰውም።

በሰልፉ መሀል አልፈው ወጡ። አንዲት ሴት መንገድ ለቀቀችላቸው። ቁልቁለቱን ብዙ ወረዱ።

«ስምሽን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አላት በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«አልመቱኝም እኮ። ሊመቱኝ ነው ብዬ ነው።»

ሀጂራ ሻርፗን አስተካከለች።

«እኔም ትናንት ሲጠይቁኝ ሰረቀኝ ልላቸው ነበር» አለች። «አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወላሂ እንዴት እንደመለስኩት አላውቅም።» ከዚያ ልጆቿ ጀዊሪያ ቤት ስለሚጠብቋት ፈጥና ሄደች።

ስለ ብሎኗ አልነገራትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ወራት ለኃይለ መለኮት ከዚያ ጠዋት የባሱ ነበሩ። ቶለሳ ወረቀቱን አልቀደደውም፤ ኪሱ ነው የከተተው። በማንኛውም ቀን ሊያወጣው ይችላል። ኃይለ መለኮት ምግብ ሲቀርብለት ይቀመጣል፣ ሁለት ጉርሻ በልቶ ይነሳል። አጸደ ልብሱን ደጋግማ ብታጥበውም የዘይቱ ሽታ አልለቀቀም፤ በመጨረሻ ካኪውን አጣጥፋ ደበቀችው። መኪና ሰፈሩ ውስጥ ሲቆም ቀበቶውን ይታጠቃል፤ ሲወስዱኝ ሱሪዬ እንዳይወርድ ይላል።

ግንቦት ላይ መንግሥቱ ወደቀ። የቀበሌው በር ተከፍቶ ቀረ፤ ወረቀቱን ግቢው ውስጥ ነፋስ ያንገላታዋል። ቶለሳ ከዚያ ሳምንት ወዲህ አልታየም፤ አንዳንዱ አገሩ ገባ ይላል፣ አንዳንዱ ታስሯል ይላል። ኃይለ መለኮት መኪናውን ለማምጣት ሦስት ቀን አመነታ፤ አጸደ ናት አብራው የሄደችው። ፔጆዋ እዚያው ቆማለች፤ ግን ውስጧ የቀረው ዘይት ሙጫ ሆኖ ፓምፑን ይዞታል። አልተነሳችም። በኋላ ለመለዋወጫ ዕቃ ተሸጠች፤ እሱም አንድ ዳቦ ቤት ቀጥሮት ማከፋፈያ መኪናውን ጡረታ እስኪወጣ ነዳ።

ኃይለ መለኮት የብሎኗን ነገር ያወራው ለአጸደ ብቻ ነበር፤ ለሀጂራ የነገረቻት እሷ ናት፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ፋርማሲው ጋ ወረፋ ስትጠብቅ። ሀጂራ ወንፊቷን እንደያዘች ቆመች፤ ሳምቡሳው ዘይቱ ውስጥ ጠቆረ።

«እኔ ደግሞ ያዳንኩት መስሎኝ ስንት ዓመት ስኩራራ ኖርኩ» አለች።

በዚያው ሳምንት እሑድ ቀጨኔ መጣች። ኃይለ መለኮት በር ላይ ባቄላ ይፈለፍል ነበር። አጠገቡ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና እሷም ትፈለፍል ጀመር። ስለ ቀበሌው አንዳቸውም አላነሱም። የትልቋ ልጇ ሠርግ ለጥር እንደተቆረጠ ነገረችው፤ እሱም ሙሽሮቹን የሚያጓጉዝ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አውቃለሁ አላት።